«ገብቷል» ያለው ማን ነው? የኮምፒዩተርን ጽሑፍ ኮምፒዩተር ሲመረምረው

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አዲሱ ገበያ የቆመ ሰው አንድ ነገር ይታዘባል። ከሰሜን ማዘጋጃ ሽቅብ የሚመጣው ታክሲ፣ ወደ ሱሉልታና ወደ ጎጃም መንገድ የሚወጣው አይሱዙ፣ ተሸካሚው፣ ደላላውና ሸማቹ እንደ ወትሮው ይጋፋሉ። የብር ኖት የሚቆጥር እጅ ግን እየቀነሰ ሄዷል። ሸማቹ ስልኩን ያወጣል፣ ይነካካል፣ ከዚያ የተለመደው ምልልስ ይጀመራል።

«እትዬ፣ ልኬልዎታለሁ።»

«አልገባም ልጄ።»

«እኔ ጋ እኮ ተቆርጧል፤ ይኸው መልእክቱ!»

«የኔው ስልክ እስኪናገር ቆይ።»

እትዬ ትክክል ናቸው። የሌላ ሰው ስልክ ላይ የተጻፈ መልእክት ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን የራሳቸው ስልክ «ገብቷል» ሲል ይህን የተናገረው ማን እንደሆነ፣ የተናገረውም እውነት ስለመሆኑ ማን እንዳረጋገጠ የሚጠይቅ ነጋዴ እስካሁን አላጋጠመንም። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ኤምፔሳ ደግሞ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲከተል፣ ባንኮችም የየራሳቸውን የስልክ መተግበሪያ ሲያወጡ ነጋዴው የጠየቀው ስለ ኮሚሽኑና ስለ ፍጥነቱ ነበር። በመሐል ቆሞ ሒሳቡን ስለሚያወራርደው ፕሮግራም ጥራት የጠየቀ ሰው ብዙም አልነበረም። ዛሬ በዚህ ገጽ የምናየው ይህንኑ ነው፤ ያ ፕሮግራም እንዴት ይጻፋል፣ ሲበላሽ ምን ይመስላል፣ ጽሑፉን አንብቦ ጉድለቱን የሚያወጣው ሌላ ፕሮግራምስ ምን ያህል ይታመናል።

ያ የመጋቢት ሌሊት

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ የሚመስለው ካለ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ የሆነውን ያስታውስ። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ለተወሰኑ ሰዓታት ሒሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ወደ ሌላው ተዛመተ፤ ተማሪዎች በኤቲኤም ማሽኖች ፊት ተሰለፉ። ባንኩ ነቅቶ አገልግሎቱን እስኪያቋርጥ ድረስ በዚያ ሌሊት ከ490 ሺህ በላይ ግብይቶች ተፈጽመው፣ ድምራቸውም ወደ 2.4 ቢሊዮን ብር እንደሚደርስ ተዘገበ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ጤናማ ግብይቶች እንደነበሩ ቆይቶ የተገለጸ ሲሆን፣ የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ በሰጡት መግለጫ ያለ አግባብ የወጣው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ያህል ሆነ። ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው በቀጣዮቹ ቀናት ተመለሰ። ያልመለሱትን ሰዎች ባንኩ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን እስከ ማውጣት ደርሷል።

ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመን ባንኩ የሰጠው ምክንያት ነው። ከውጭ የገባ ሌባ የለም፣ የሳይበር ጥቃትም አይደለም ተባለ። ችግሩ የመጣው ባንኩ ራሱ በሥርዓቱ ላይ ሲያካሂድ በነበረው የማሻሻያ ሥራ ነው። ግልጽ ለማድረግ ያህል፣ ካዝናውን የሰበረ ሰው አልነበረም፤ ቁልፉን ለማደስ የተሠራው ሥራ ነው ካዝናውን ክፍት አድርጎ የተወው።

ከዚህ በታች የምንገልጸው መሣሪያ ያን ሌሊት ባንኩን ያድነው ነበር አንልም። የተበላሸው ነገር ዝርዝር በአደባባይ ስላልወጣ እንዲህ ብሎ መናገር ድፍረት ነው። የሌሊቱ ትምህርት ግን በሌላ በኩል ነው። ትልቅ ባንክ፣ ብዙ ባለሙያ ይዞ፣ በአንድ ማሻሻያ ይህ ከደረሰበት፣ ሦስት ወጣቶች በአንድ ክፍል ውስጥ ጽፈው ለጅምላ ሱቅ የሸጡት የክፍያ መቀበያ ፕሮግራም ምን ዓይነት ፍተሻ አልፎ ነው ሥራ ላይ የዋለው?

መስኮቱና ጸሐፊው

ዌብ ሰርቪስ የሚባለው ነገር ሲታይ መስኮት ነው። ልክ እንደ ቀድሞው የባንክ መስኮት፣ ከውጭ ወረቀት ይገባል፣ ከውስጥ መልስ ይወጣል። ልዩነቱ ወረቀቱን የሚያስገባው ሰው ሳይሆን የሌላ ድርጅት ኮምፒዩተር መሆኑ ነው። የሱቁ ፕሮግራም «ከዚህ ስልክ ቁጥር 4,500 ብር ተቀበልልኝ» ብሎ በመስኮቱ ይልካል፤ የከፋዩ ድርጅት ሰርቨር «ተቀብያለሁ» ወይም «በቂ ሒሳብ የለውም» ብሎ ይመልሳል።

ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠው ጸሐፊ በፕሮግራመሮች ቋንቋ «ክላስ» ይባላል። ክላስ ማለት በአንድ ላይ የታሰረ ጽሑፍ ሲሆን፣ አንደኛ የሚይዛቸውን ነገሮች፣ ሁለተኛ የሚሠራቸውን ሥራዎች ይዘረዝራል። የጸሐፊው መሳቢያና የሥራ ዝርዝሩ በአንድ ፋይል ቢታሰሩ ማለት ነው። በጃቫ ቋንቋ የተጻፈ አንድ የክፍያ ሰርቨር ክላስ ጥቂት መቶ መስመር ሊሆን ይችላል፤ ሲበላሽ ደግሞ ብዙ ሺህ መስመር ይሆናል። ማን ሰው ያን ሁሉ መስመር በየሳምንቱ አንብቦ ይጨርሳል? ጓደኛ ለጓደኛ ያነባል ቢባል እንኳ በሐሙስ ምሽት፣ ሥራው ለዓርብ ተፈልጎ ሳለ፣ ንባቡ ምን እንደሚመስል የቢሮ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

አንባቢው ፕሮግራም የተፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ይሠራ የነበረው ስቴፈን ጆንሰን በሲ ቋንቋ የተጻፉ ፕሮግራሞችን እያነበበ አጠራጣሪውን መስመር የሚጠቁም መሣሪያ ሠራና «ሊንት» ብሎ ሰየመው። ቃሉ ከልብስ ላይ የሚነሳውን ብናኝ ጭረት ያመለክታል፤ የአዲሱ ገበያ ልብስ ነጋዴ ሸማች ከመምጣቱ በፊት ከኮት ላይ በእጁ ጠረግ የሚያደርገውን ማለት ነው። መሣሪያው ፕሮግራሙን አያስነሳውም። ጽሑፉን ብቻ ነው የሚያነበው፤ ልክ ኦዲተር ሱቁ ተዘግቶ ሳለ መዝገቡን እንደሚያገላብጥ። የዛሬዎቹ ልጆቹ ብዙ ናቸው። ለጃቫ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ፋይንድባግስና ተከታዩ ስፖትባግስ አሉ። በብዙ ድርጅት የሚታወቀው የስዊሱ ኩባንያ ሥራ ሶናርኪዩብ ለጃቫ ብቻ ከ600 በላይ ደንቦች አሉት። እያንዳንዱ ደንብ «እንዲህ የተጻፈ መስመር ካየህ ጩኽ» የሚል ነው።

አንድ መሳቢያ ለሁሉም

ወደ ጉድለቶቹ እንግባ። ከሁሉ አስቀድመን የምናነሳው ነጋዴን በቀጥታ የሚጎዳውንና ለማየት ደግሞ እጅግ የሚያስቸግረውን ነው።

የጃቫ ሰርቨር ሲነሳ ብዙ ጊዜ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ ጸሐፊ አያስቀምጥም። አንድ ጸሐፊ ያስቀምጥና በአንድ ጊዜ መቶ ሰው እንዲያስተናግድ ያደርገዋል። ይህ በራሱ ችግር የለበትም፤ ጸሐፊው የእያንዳንዱን ሰው ወረቀት በየእጁ ይዞ እስከሠራ ድረስ። ልምድ የሌለው ፕሮግራመር ግን የደንበኛውን ስምና የሚከፈለውን መጠን በክላሱ መሳቢያ ውስጥ እንዲቀመጥ አድርጎ ይጽፈዋል። መሳቢያው አንድ ነው። ከአዲሱ ገበያ የሽንኩርት 4,500 ብር ጥያቄ ገባና መሳቢያው ውስጥ ተቀመጠ። ጸሐፊው ሒሳቡን ሊቀንስ ሲል ከመርካቶ የ62,000 ብር ጥያቄ መጥቶ በላዩ ላይ ተጻፈ። ጸሐፊው መሳቢያውን ከፍቶ ያየውን ያነባል፤ የሽንኩርት ገዢው ሒሳብ ላይ 62,000 ይጽፋል። ወይም በተገላቢጦሽ።

ይህ ስህተት ፕሮግራሙ ሲሞከር አይታይም። በሙከራ ጊዜ ያለው አንድ ሰው፣ አንድ ስልክ ነው፤ ሁሉም ነገር በትክክል ይሄዳል። የሚወጣው ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ሴኮንድ ስባሪ ውስጥ ሲገናኙ፣ ማለትም ገበያው በሚሞቅበት ቀን ነው። ከዚያ ደንበኛ ያመለክታል፣ ባለሙያው ደግሞ ይሞክረዋል፣ አሁንም አንድ ሰው በአንድ ስልክ ነውና ይሠራል። «ደንበኛው ተሳስቶ ነው» ይባላል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ራሱ አንድ ጊዜ ያልገዛው ዕቃ ደረሰኝ በስሙ መጥቶለት ስሙን ከማንጠቅሰው ድርጅት ጋር ሁለት ሳምንት ተመላልሷል፤ የተሰጠው መልስም ይኸው ነበር።

ለአንባቢው ፕሮግራም ግን ይህ ቀላል ነው። ገበያ እስኪሞቅ መጠበቅ የለበትም። በመስኮት ላይ በሚቀመጥ ክላስ ውስጥ የሚለዋወጥ ነገር የሚይዝ መሳቢያ መኖሩን ከጽሑፉ ያነባል፤ ለዚህም የተለየ ደንብ አለው። ሰው በስድስት ወር ክርክር የማያገኘውን በደቂቃ ያሳያል።

የተዋጠ ስህተት፣ ያልተዘጋ በር

ሁለተኛው ዓይነት ጉድለት ከአበሻ ይሉኝታ ጋር ይመሳሰላል። ፕሮግራም ሲሠራ ያልታሰበ ነገር ሲገጥመው፣ ለምሳሌ የባንኩ መስመር ሲቋረጥበት፣ ድምፅ ያሰማል። ፕሮግራመሩ ያን ድምፅ ተቀብሎ አንድ ነገር ማድረግ አለበት። ግብይቱን ይሰርዝ፣ ይመዝግብ፣ ለሰው ይንገር። የተቻኮለ ፕሮግራመር ግን ድምፁን የሚቀበል ባዶ ሳጥን ይጽፍና ያልፋል። ስህተቱ ተውጦ ይቀራል፣ ጸሐፊው ምንም እንዳልሆነ ሥራውን ይቀጥላል፣ መጨረሻ ላይም «ክፍያዎ ተሳክቷል» የሚል መልእክት ይልካል። ብሩ ግን አልገባም። ባዶ ሳጥን ለአንባቢው ፕሮግራም ከሁሉ የቀለለ አደን ነው።

ሦስተኛው፣ በዓል ሲደርስ የሚጎዳን ነው። ሰርቨሩ ከመረጃ ቋቱ ጋር ለመነጋገር በር ይከፍታል። በሮቹ የተቆጠሩ ናቸው፤ ሃያ ወይም ሃምሳ እንበል። እያንዳንዱ ግብይት ከጨረሰ በኋላ በሩን መዝጋት አለበት። ግብይቱ በመሐል ስህተት ከገጠመውና በሩን ሳይዘጋ ከወጣ ያ በር ተያዘ ማለት ነው። በአዘቦት ቀን በሳምንት ሁለት በር ቢያዝ ማንም አያውቀውም፤ ሰርቨሩ እሑድ ሲጠፋና ሲበራ ይጸዳል። የፋሲካ ዋዜማ ግን በሮቹ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያልቃሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ውጭ ይቆማል። «ኔትወርክ የለም» የሚባለው ነገር ሁሉ የኔትወርክ ጥፋት እንዳይመስልዎ። አንዳንዱ ያልተዘጋ በር ነው፤ ይኸውም በጽሑፉ ላይ ስለሚታይ መሣሪያው ይጠቁመዋል።

የቀሩትን በአጭሩ እንለፋቸው። የመረጃ ቋቱ የይለፍ ቃል በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ ተጽፎ መገኘቱ አንዱ ነው፤ የሱቅ ቁልፍ በበሩ ላይ አንጠልጥሎ እንደ መሄድ ያለ ነው። ሌላው ደንበኛው የጻፈውን ቃል ሳይመረምሩ ወደ መረጃ ቋቱ ትእዛዝ ውስጥ መቀጠል ነው፤ በዚህ ቀዳዳ ሌባ የራሱን ትእዛዝ ያስገባል። ሦስተኛው ሳንቲም ነው። ጃቫ «ዳብል» በሚባለው የቁጥር ዓይነት 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.3 አይሰጥም፤ 0.30000000000000004 ይሰጣል። ለሚቲዎሮሎጂ ሥራ ይህ ምንም አይደለም። ገንዘብን በዳብል የሚይዝ ክላስ ግን «የተከፈለው ከተጠየቀው እኩል ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ እኩል የሆነውን እኩል አይደለም ሊል ይችላል። መሣሪያው ሁለት ዳብሎች እኩል መሆናቸውን የሚጠይቅ መስመር ሲያይ ምልክት ያደርጋል።

አንድ የተደገመ መስመር

የእነዚህ መሣሪያዎች ጥቅም ለማያምን የውጭውን ዓለም አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 ዓ.ም. አፕል የተባለው ኩባንያ በአይፎንና በማክ ኮምፒዩተሮች ላይ የተገኘ ጉድለት ለማረም ተጣድፎ ነበር። ጉድለቱ አንዲት መስመር ሁለት ጊዜ መጻፏ ነው። «ወደ መጨረሻው ዝለል» የምትለው ትእዛዝ ሳይታሰብ ተደግማ ስለነበር፣ ከእሷ በታች ያለው የፊርማ ማረጋገጫ በጭራሽ አይደረስበትም። ስልኩ የሚያነጋግረው ሰርቨር እውነተኛው ይሁን አስመሳይ ሳይጣራ ይታለፍ ነበር። ስንትና ስንት ባለሙያ ያለው ኩባንያ ነው እንግዲህ። «ከዚህ በታች ያለው መስመር መቼም አይሠራም» የሚለው ማስጠንቀቂያ ከአንባቢ ፕሮግራሞች ጥንታዊ ደንቦች አንዱ ሲሆን፣ ያን ቀን ማስጠንቀቂያው ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ገና ከጅምሩ ይታይ ነበር።

የዕዳ መዝገብ

ሪፖርቱ ምን ይመስላል ለሚል፣ ነጋዴ ከፕሮግራመር ይልቅ ሳይቀል አይቀርም፤ በዕዳ ቋንቋ የተጻፈ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. ዋርድ ካኒንግሃም የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር በጥድፊያ የተጻፈ ፕሮግራም እንደ ብድር ነው፣ ቶሎ ካልተከፈለ ወለድ ይወልዳል ብሎ ነበር። «የቴክኒክ ዕዳ» የሚለው ስም ከዚያ ቀረ። ሶናርኪዩብ ይህን ቃል በቃል ወስዶ ጉድለቶቹን ለማረም የሚፈጀውን ጊዜ በሰዓትና በሥራ ቀን ደምሮ ያሳያል። ዕዳው ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ለመጻፍ ከሚፈጀው ጊዜ ከ5 በመቶ ካልበለጠ «ኤ» ይሰጠዋል፤ እየጨመረ ሲሄድ እስከ «ኢ» ይወርዳል።

ሌላው ቁጥር የመንታ መንገድ ብዛት ነው። ቶማስ ማኬብ የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1976 ዓ.ም. አንድ የፕሮግራም ክፍል ውስጥ ያሉትን የ«እንዲህ ከሆነ ወደዚህ፣ ካልሆነ ወደዚያ» መለያያዎች መቁጠርን አስተማረ። እሱ ያሰበው ጣሪያ 10 ነበር። በብዙ ደላላ እጅ ያለፈ ዕቃ ዋጋው ማን ጋ እንደጨመረ እንደማይታወቅ ሁሉ፣ 40 መንታ መንገድ ያለው ክፍልም ስህተቱ የት እንደገባ አይታወቅም።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። መሣሪያው ብዙ ያወራል። ለመጀመሪያ ጊዜ በአሮጌ ፕሮግራም ላይ ሲለቀቅ ሺህ ነጥቦችን ቢዘረዝር አይግረማችሁ፤ ከነዚያ ውስጥ ብዙው የስም አጻጻፍና የአደራደር ጉዳይ ነው፤ አንዳንዱም ጭራሽ ሐሰተኛ ጩኸት ነው። ባለሙያዎች ከዚህ የተነሳ ሁለት ጥፋት ያጠፋሉ። ሪፖርቱን አይተው ይዘጉታል፤ ወይም ደግሞ ቁጥሩን ለማሳመር ቀላል ቀላሉን አርመው፣ መሳቢያውንና ባዶውን ሳጥን «ይህን አትቁጠር» የሚል ምልክት ለጥፈውበት ያልፋሉ። የኛ ምክር፣ ሪፖርት ሲቀርብላችሁ ከድምሩ ይልቅ «አትቁጠር» የተባሉት ስንት እንደሆኑና ማን እንደፈቀደ ጠይቁ።

ጳጉሜን የማያውቅ ኦዲተር

መሣሪያው የማያየውን ካልነገርን ዕቃ አሻሻጭ ሆንን ማለት ነው።

መሣሪያው የውጭ ሰው ነው፤ አሥራ ሦስተኛ ወር መኖሩን አያውቅም። በዱቤ የሚሠራ ነጋዴ የክፍያ ቀኑን ጥቅምት 30 ብሎ ያስመዘግባል። ፕሮግራመሩ ይህን 30/02 ብሎ ይቀበልና ለፈረንጅ ቀን ለተሠራው የጃቫ ቀን አንባቢ ይሰጠዋል። በፈረንጅ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ስለሆነ 30ኛ ቀን የለውም። የድሮው የጃቫ ቀን አንባቢ ደግሞ ካልከለከሉት በቀር «እንዲህ ያለ ቀን የለም» አይልም፤ ይቅር ባይ ነው። ትርፉን ቀን ወደሚቀጥለው ወር ያሻግርና 2/03 ያደርገዋል። በኛ ሲነበብ ኅዳር 2 መሆኑ ነው። ዕዳው ሁለት ቀን ተራዘመ። ጳጉሜን ሲሆን ይብሳል፤ የ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን 5፣ ማለትም 5/13/2017፣ ወደ 5/01/2018 ይዞርና መስከረም 5 ይሆናል። ዕዳው በአዲሱ ዓመት ተገኘ። መሣሪያው ይህን ሁሉ አንብቦ አንድ ቃል አይተነፍስም፤ በእሱ ዓይን ጽሑፉ ንጹሕ ነው። ይህን የሚይዘው ጳጉሜን 5 የሚል ፈተና አዘጋጅቶ የሚሞክር ያገር ሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ዕውርነት፣ ሁለቴ መቁረጥ ነው። ሱቁ ጥያቄ ልኮ መልስ ሲዘገይበት ደግሞ ይልካል። ሰርቨሩ የመጀመሪያውን ፈጽሞት ኖሮ መልሱ ብቻ መንገድ ላይ ቀርቶ ከሆነ፣ ሁለተኛውንም ይፈጽማል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ቁጥር መስጠትና «ይህን ቁጥር ቀድሞ አስተናግጃለሁ» ማለት የሚችል ሰርቨር መጻፍ ነው። እንደዚሁም አንድን ሒሳብ ከሁለት ስልክ በአንድ ጊዜ የሚያወጡ ሰዎች አሉ። ሰርቨሩ «በቂ አለው» ብሎ ለሁለቱም ካየ በኋላ ከሁለቱም ቢቀንስ ሒሳቡ ከዜሮ በታች ይወርዳል። መሣሪያው ጽሑፉን እንጂ የንግዱን ስምምነት ስለማያውቅ እነዚህን አብዛኛውን ጊዜ ያሳልፋቸዋል።

ሦስተኛው፣ ጽሑፉ ጥሩ ሆኖ አወጣጡ ሲበላሽ ነው። በአክሲዮን ገበያ ላላችሁ፣ በተለይም ጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ከተከፈተ ወዲህ ለምትከታተሉት፣ የናይት ካፒታል ነገር ሊታወቅ ይገባል። ይህ የአሜሪካ አገበያይ ድርጅት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 ዓ.ም. በ45 ደቂቃ ውስጥ 440 ሚሊዮን ዶላር ያህል አጣ። አዲስ የግብይት ፕሮግራም በስምንት ሰርቨሮች ላይ ሊጫን ሲገባ አንዱ ተረሳ። በተረሳው ሰርቨር ላይ ከ2003 ጀምሮ ሥራ ያቆመ አሮጌ ክፍል ነበር፤ አዲሱ ፕሮግራም የተጠቀመበት ምልክት ደግሞ ያንን አሮጌ ክፍል የሚቀሰቅስ ሆኖ ተገኘ። አሮጌው ነቃና ሳያቋርጥ መግዛትና መሸጥ ጀመረ። ድርጅቱ በቀጣዩ ዓመት ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋሕዶ ስሙ ጠፋ። አንባቢ ፕሮግራም የሞተ ጽሑፍ እንዲወገድ ይወተውታል፤ በዚህ በኩል ጥቅም ነበረው። ስምንተኛውን ሰርቨር ማን ረሳ የሚለው ግን የሱ ጥያቄ አይደለም።

ለገዢውና ለባለ አክሲዮኑ

አሁን ወደ ኪስ እንምጣ። ሶናርኪዩብ በነጻ የሚሰጥ እትም አለው፤ ስፖትባግስም ነጻ ነው። ስለዚህ «ወጪው ከበደን» የሚል ፕሮግራም ሻጭ ቢገጥማችሁ ምክንያቱ ሌላ መሆኑን እወቁ። የሚከፈልበት እትም ተጨማሪ ነገር አለው። ለምሳሌ ደንበኛው የጻፈው ቃል ከመስኮቱ ተነስቶ በየትኛው ክፍል አልፎ የመረጃ ቋቱ ዘንድ እንደደረሰ ተከታትሎ ያሳያል። ዋጋው በመስመር ብዛት ሲሆን በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ይኸው ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ለአንድ ሱቅ ፕሮግራም ነጻው ይበቃል። የሰውን ገንዘብ ለሚያንቀሳቅስ ድርጅት ግን አይበቃም እንላለን።

ፕሮግራም የሚያሠራ ነጋዴ ውል ሲፈርም ሦስት ነገር ያስጽፍ። አንደኛ፣ ማሻሻያ በተጫነ ቁጥር ከመጫኑ በፊት የወጣውን ሪፖርት ሻጩ እንዲያስረክብ። መሣሪያዎቹ «የጥራት በር» የሚሉት ነገር አላቸው፤ አዲስ የተጻፈው መስመር ደንቡን ካላለፈ በሩ ይዘጋል፣ ማሻሻያውም አይወጣም። ይህ በር መኖሩና በማን ትእዛዝ ታልፎ ሊከፈት እንደሚችል በውሉ ይግባ። ሁለተኛ፣ የጽሑፉ ግልባጭ በገዢው እጅ ይኑር። ግልባጩ በሻጩ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ካለ ማንም ኦዲተር አምጥታችሁ ልታስመረምሩት አትችሉም፤ ልጁ ወደ ውጭ የሄደ ዕለት ደግሞ ፕሮግራሙም አብሮት ይሄዳል። ሦስተኛ፣ ከባድ ተብሎ የተመዘገበ ጉድለት በስንት ቀን ውስጥ፣ በማን ወጪ እንደሚታረም።

በክፍያ ድርጅት ውስጥ አክሲዮን ለመግዛት የሚያስብ ባለሀብት ደግሞ የሒሳብ መግለጫውን ሲጠይቅ የዚህንም ዕዳ መዝገብ ይጠይቅ። አንዱን ቀን ሳይሆን የዓመቱን ሪፖርቶች። ዕዳው በየወሩ እየጨመረ የሄደ ድርጅት ባለሙያ እየለቀቀበት ወይም አለቃው እያጣደፈ መሆኑን ከሒሳብ መግለጫው ቀድሞ እዚያ ታያላችሁ። ሪፖርቱን «ምስጢር ነው» ብሎ የሚከለክል ድርጅት ቢኖር ጽሑፉን ሳይሆን ውጤቱን ብቻ እንደጠየቃችሁ አስረዱት።

ምርመራው የት እንደሚካሄድም ጠይቁ። መሣሪያው በድርጅቱ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ሊጫን ይችላል፤ አለዚያም ጽሑፉ በኢንተርኔት ወደ ውጭ አገር ሰርቨር ተልኮ እዚያ ይነበባል። በሁለተኛው መንገድ፣ የይለፍ ቃሉ በጽሑፉ ውስጥ እንዳለ የቀረ እንደሆነ፣ ቁልፉም አብሮ ባሕር ተሻገረ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የይለፍ ቃሎቹ ከጽሑፉ ይውጡና ይቀየሩ፤ ምርመራው ከዚያ ይቀጥላል።